ስለ ዘይነባ ወፍጮ ያልዋሸሁበት ቀን

ደላላ ይዋሻል ትላላችሁ አይደል? ልክ ናችሁ። ግን ውሸትም ደረጃ አለው። እኛ ካርቱም፣ ሳጃና ሰፈር፣ ጭነትና መኪና እናገናኝ የነበርን ሐበሾች ጦርነቱ ሳይመጣ በፊት በሥርዓት ነበር የምንዋሸው። እኮራበታለሁ። ለምን እንደምኮራ ልንገራችሁ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። የደላላ ሀብቱ አንድ ነገር ነው፤ ባዶ ሎሪ የት እንደቆመ ማወቅ። ይህን ለሌላ ደላላ ከነገርከው ቀድሞህ ለሹፌሩ ይደውላል። ስለዚህ ማንም ለማንም አይናገርም። የአንዱ ሎሪ ባዶውን ወደ ገዳሪፍ ይሄዳል፣ የሌላው ጭነት እዚያው ሰፈር ፀሐይ ይመታዋል። ሁላችንም እንከስራለን፣ ግን ሚስጥራችን አልወጣም።

አንድ ሱዳናዊ ሙሐንዲስ ይህን አይቶ አዘነልን መሰለኝ፣ በስልክ የሚሠራ መተግበሪያ አበጀልን። ባዶ መኪናውንም ጭነቱንም ሁላችንም አንድ ሰሌዳ ላይ እንድንጽፍ ነው። መረጃ ስትካፈሉ ሁላችሁም ታተርፋላችሁ አለን። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር አይደል? በጭብጨባ ተቀበልነው። ከዚያ እያንዳንዳችን ስልካችንን ከፍተን መዋሸት ጀመርን።

ጋሽ ግርማ፣ ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጠው፣ መኪናው ባዶ ሲሆን «ሞልቷል» ብሎ ይጽፋል። ሐጂ ሰዒድ የወሎ ሰው ነው፣ ሰላት አያልፈውም፣ በቦታ አይዋሽም፤ ቀን ላይ ግን አንድ ይጨምራል። ረቡዕ የሚነሳውን «ሐሙስ፣ ኢንሻላህ» ይላል። እኔስ? እኔ ወንዝ አሻግራለሁ። ጭነቱ ኦምዱርማን ከሆነ ከወንዙ ማዶ ያለውን ሰፈር፣ ሐጅ ዩሱፍን እጽፋለሁ፤ ሐጅ ዩሱፍ ከሆነ ኦምዱርማን።

እና ሥራው ተበላሸ ብላችሁ ጠብቃችኋል። እንዴት ተደርጎ! ሃያ ዓመት አብረን የኖርን ሰዎች የአንዳችንን ውሸት ሌላችን ጠንቅቀን እናውቃለን። ሰሌዳውን እያየን በልባችን እናቃናዋለን። መኪኖቹ ሞልተው ይሄዱ ጀመር። ሙሐንዲሱ በደስታ ሊያብድ ደረሰ። በየስብሰባው እኛን ምሳሌ ያደርገን ነበር አሉ። ምን እንደተካፈልን ግን የነገረው የለም።

በዚህ መሀል ዘይነባ መጣች። ዐማራት ሰፈር አንድ ቤት ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት የሠራች ናት። ሰው ወርቅ ሲገዛ እሷ የእህል ወፍጮ ከነሞተሩ ገዛች። ወሎ፣ አገሯ ገብታ ልትተክለው ነው። የመውጫ ወረቀቷ፣ ኹሩጁ፣ ሐሙስ ያበቃል። ወፍጮው ከእሷ ጋር ካልተሻገረ ድንበር ላይ ይያዛል፣ አሥራ አንድ ዓመቷም አብሮ ይቀራል። ወፍጮው ሐጅ ዩሱፍ፣ እህቷ ቤት በር ላይ ተቀምጧል። ረቡዕ ጠዋት መነሳት አለበት።

ስልኬን አወጣሁና እንደ ልማዴ «ኦምዱርማን» ብዬ መጻፍ ጀመርኩ። ምን ጻፍክ አለችኝ። ነገርኳት። ፊቷ ተለወጠ።

«ወፍጮዬ ላይ ውሸት አይጻፍብኝ። በውሸት የተጫነ ወፍጮ በረካ የለውም» አለች።

እንዲያ ስትለኝ አፈርኩ። ሰርዤ «ሐጅ ዩሱፍ» ብዬ ጻፍኩ። ጋሽ ግርማም ወዲያው «ሞልቷል» ብሎ መለሰ። መኪና ተገኘ ማለት ነው።

ረቡዕ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ሐጅ ዩሱፍ ቆመን ጠበቅን። ሁለት ሆነ፣ ሦስት ሆነ። ዘይነባ ወፍጮው ላይ ተቀምጣ ወረቀቷን ታያለች። አራት ሰዓት ላይ ጋሽ ግርማ ደወለ። ሹፌሬ ከጠዋት ጀምሮ ኦምዱርማንን ሲዞር ዋለ አለኝ። ጭነቱ ሐጅ ዩሱፍ ነው አልኩት። አውቃለሁ፣ አውቃለሁ፣ ኦምዱርማን የቱ ጋ ነው አለኝ። ወላሂ ሐጅ ዩሱፍ ነው አልኩ። ክርስቲያን ሆኜ በወላሂ ስምል ጭራሽ ጠረጠረኝ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የኹሩጅ ወረቀት ግን እስኪጠራ አይጠብቅም። ዘይነባ ስልኩን ከእጄ ወሰደች።

«አባባ፣ እኔ ደላላ አይደለሁም» አለችው። «ወፍጮው ሐጅ ዩሱፍ ነው። እኔም ላዩ ላይ ተቀምጫለሁ።»

ይሄኔ ጋሽ ግርማ አመነ። የእሱ ሎሪ ድልድዩን ተሻግሮ እስኪመጣ ጠዋቱ ያልፋል። እና ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ለሐጂ ሰዒድ ደወለ! ለባላንጣው! ሥራውን ውሰድ፣ ሴትየዋን ድረስላት አለው። ጋሽ ግርማ ዕድሜውን ሙሉ ሥራ ለሰው ሲሰጥ አይቼ አላውቅም። ሐጂ ሰዒድም ለካ ሰሌዳው ላይ ጭራሽ ያልጻፈው ሎሪ ነበረው፤ ከቆምንበት አምስት መንገድ ርቆ፣ ሐጅ ዩሱፍ ገበያ ጥግ የደበቀው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ መጣ። ሐጂ ራሱ ከጋቢናው ወርዶ፣ ጀለቢያውን ሰብስቦ፣ ያላ እያለ ወፍጮውን አብሮን አነሳ። ያን ጊዜ በሙያዬ ኮራሁ፤ እንባዬም መጣ፣ አልደብቅም።

ዘይነባ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከነወፍጮዋ ድንበሩን ተሻገረች።

ከሁለት ወር በኋላ ለሦስታችንም የድምፅ መልእክት ላከች። ወፍጮው ተተክሏል፣ ማክሰኞ መፍጨት ይጀምራል አለች። ሐጂ ሰዒድ ማክሰኞ ካለች ሰኞ ትጀምራለች ማለት ነው አለ። ጋሽ ግርማ የለም፣ ተተክሏል ካለች ገና አልተተከለም አለ። ሲከራከሩ ዋሉ።

እኔ ግን እንደተናገረችው አመንኳት። ማመኔን ለማንም አልነገርኩም።