«ከእኔ በኩል ይሠራል»

ያን ቀን ከማለዳው ጀምሮ ዶፍ ይወርድ ነበር። የዩኒቨርሲቲው ኔትወርክ ደመና ሲያይ ገና የሚደነግጥ ነውና ዝናቡ ሲበረታ ጨርሶ ጸጥ አለ። የተማሪ ውጤት ማስገቢያው የመጨረሻ ቀን ስለነበር ሬጅስትራሯ ፀጉሯን ልትነጭ ደረሰች። ያኔ የግቢው የኔትወርክና የስልክ ሠራተኛ፣ ክቡር ኢንጂነር፣ መሰላል ተሸክመው፣ ፒንሳ ኪሳቸው ሸጉጠው ከተፍ አሉ። ኮምፒውተሯን ነካ ነካ አደረጉና ፈረዱ፦

«ከእኔ በኩል ይሠራል።»

ሰው በሚሠራበት ግቢ ሁሉ እንዲህ ያለ አንድ ባለሙያ አይጠፋም። ዓለም ቢበላሽ የእሱ በኩል አይበላሽም። ያ «በኩል» የት እንደሆነ ግን አይቶት የመጣ የለም። እኔ የስልክ ኦፕሬተር ስለነበርኩ የግቢውን ቢሮ ሁሉ አውቃለሁ፤ ያንን ግን አላገኘሁትም። አገር ቢሆን ኖሮ ሁላችንም ቪዛ እንጠይቅ ነበር።

በዕድሜ ታናሼ ስለሆኑ ፊት ለፊት «አንተ» እላቸዋለሁ። ከጀርባቸው ግን አንቱታ ይገባቸዋል፤ ያን ያህል ጥፋት የሠራ ሰው በ«አንተ» አይጠራም።

የስልኩ «ማሻሻያ» የመጣ ጊዜ ጉዳቸው ፈላ። ሃያ ዓመት ሙሉ ጉንፋን እንኳ ያልያዛቸውን ስልኮች ነቅለው መብራት የሚያብለጨልጭ አዲስ ስልክ ተከሉ። በማግሥቱ ወደ ዲኑ የተደወለው ሁሉ ተማሪዎች ምግብ ቤት ይጮህ ጀመር። አንድ መምህር የደረጃ ዕድገታቸው የት እንደደረሰ ሊጠይቁ ቢደውሉ ዋናዋ ወጥ ሠሪ፣ «ገና አልበሰለም» አለቻቸው። ሰውየው አኩርፈው ሦስት ወር ሙሉ ጥናታቸውን ሲያሻሽሉ ከረሙ። ዲኑ በበኩላቸው ሽንኩርቱ የት ይራገፍ እየተባሉ ሰነበቱ። ክቡርነታቸው ተጠርተው መጡ፤ ከእርሳቸው በኩል ይሠራል።

ከዚያ ተራው የእኔ ሆነ። ከእንግዲህ ስልክ የሚያነሳው ማሽን ስለሆነ የኦፕሬተር መደብ ይታጠፋል የሚል ደብዳቤ ደረሰኝ። ለጡረታ ሁለት ዓመት ቀርቶኝ ነበር። ከስምንተኛ ክፍል ላቋረጠች ሴት ደግሞ ሌላ መደብ የለም፤ ጠይቄያለሁ።

ክቡርነታቸው ማሽኑን ሊገጥሙ መጥተው ጠረጴዛዬ ሥር ገቡ።

«እትዬ፣ እግርሽን አንዴ አንሺልኝ።»

«እኔንም ከስልኮቹ ጋር ልትነቅለኝ ነው?»

«ዘመኑ ነው እትዬ፣ እኔ ምን ላድርግ?»

«አንተማ ምንም አታድርግ! የነካኸው ሁሉ ይበላሻል።»

እዚያው ሥር ሆነው ሳቁ። ለጡረታ ስንት ጊዜ እንደቀረኝ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ፒንሳቸውን አንስተው ሥራቸውን ቀጠሉ።

የማሽኑ ምርቃት ፕሬዚዳንቱ ቢሮ ሆነ። ድምፅ ማጉያው ተከፍቶ ተደወለ። ማሽኑ «እንኳን ደህና መጡ፣ ለሬጅ...» ብሎ ሳይጨርስ መስመሩ እኔ ላይ ወደቀ።

«አቤት፣ ማንን ላገናኝዎ?»

ወዲያ ማዶ የሚባለው ሁሉ ይሰማኛል።

«ይሄ ማሽን ምን ያጣድፈዋል?» አሉ ፕሬዚዳንቱ።

«ከሦስት ሰከንድ በላይ አይታገሥም ጌታዬ» አሉ ክቡርነታቸው። « ቁጥር ካልተጫነለት ወደ ኦፕሬተር ይወረውራል። ትዕግሥት የሚሰጠው ዕቃ ከውጭ መምጣት አለበት።»

«እስኪመጣስ?»

«እስኪመጣ ኦፕሬተሯ ትቆይ።»

አንዴ ጉምሩክ ይዞታል፣ አንዴ የተሳሳተ ተልኮ ተመልሷል እየተባለ ሁለት ዓመት አለፈ። እኔም ዛሬስ መጣ ይሆን እያልኩ ጠዋት ጠዋት በፍርሃት እገባ ነበር። ጡረታ በወጣሁ በሳምንቱ ማሽኑ ታጋሽ ሆነ ሲሉ ሰማሁ። ክሊራንሴን ልጨርስ የሄድኩ ቀን ኮሪደር ላይ አገኘኋቸው።

«ዕቃው መጣ አሉ?»

«የምን ዕቃ እትዬ? ሦስት ሰከንዱን ሠላሳ ብዬ ጻፍኩት እንጂ።»

መሰላላቸውን እንደተሸከሙ ጉንጫቸውን አገላብጬ ሳምኳቸው።

ክቡር ኢንጂነር ባለፈው ዓመት ለቀው፣ አሁን አንድ የመድን ድርጅት ውስጥ ስልክ እያሻሻሉ ነው።