የቦኖው ወረፋ ዳኛ

ውሃ ባጠረበት ከተማ ሁሉ «አንተ የየት ሀገር ሰው ነህ?» እያለ የሚመረምር አንድ ሰው አይጠፋም። ለእኛ ለነገሌዎች የደረሱን ክብርት እትዬ እሙሽ ናቸው፤ የሰፈራችን የውሃ ቦኖ ያልተሾሙ፣ ስለዚህም የማይሻሩ ዳኛ።

ለስደተኛ ያላቸውን አመለካከት ለማወቅ ቀና ብሎ ሰማዩን ማየት ይበቃል። ዝናብ በጣለ ዓመት «እንግዳ የእግዜር ነው» ይላሉ፤ በዶሎ በኩል ከሶማሊያ ተሰዳ የመጣችውን ፎዚያን ጄሪካኗን ራሳቸው ያሸክሟታል። ቧንቧው በሳምንት አንዴ በሚመጣበት ድርቅ ደግሞ ያው አፍ «ውሃው መች አነሰ፣ መጤው በዛ እንጂ» ይላል።

እኛ ጋ ወረፋ የሚይዘው ጄሪካኑ ነው። ባለቤቱ አሰልፎት ጥላ ፍለጋ ይሄዳል። እትዬ እሙሽ ታዲያ የማን እንደሆነ በመልኩ ይለዩታል፤ የመጤ ነው ያሉትን አንስተው ወደ ወረፋው ጅራት። የእሳቸው መቼም ራስ ላይ ነው።

አንድ ቀን ሽማግሌው ጉራቻ «አካም» ብለው ሰላም ካሏቸው በኋላ፣ «እሙሽ፣ አንቺስ ከደሴ አይደለም የመጣሽው?» አሏቸው።

«እኔ ከመንግሥት ጋር ነው የመጣሁት።»

እውነታቸውን ነው፤ የወታደር ሚስት ነበሩ። ያ መንግሥት በሰማንያ ሦስት ወደቀ፣ ባላቸውም አልተመለሱም። ካምፑ ሲበተን ከነልጆቻቸው ያስጠጓቸው እኚሁ ጉራቻ ናቸው። ይህ ሲነሳ እትዬ እሙሽ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላሉ።

ባለፈው ድርቅ ፎዚያ በጠዋት ጄሪካኗን አሰልፋ ሄደች። ስትመለስ ጅራት ላይ አገኘችው። ቧንቧው መቅጠን ጀምሯል።

«እትዬ፣ ዛሬን ብቻ ይተዉልኝ» አለች።

«ሁሉም ዛሬን ብቻ ነው የሚለው።»

«እናቴ ሞታለች። ማጠቢያ ነው። ሳይመሽ መቀበር አለባት።»

እትዬ እሙሽ ፎዚያን አዩ፣ ቧንቧውን አዩ። ከዚያ ገና የሞላውን የራሳቸውን ጄሪካን በገመድ አዝለው፣ «ቀድመሽ አትናገሪም? የሞተ ሰው ምን መጤ አለው» እያሉ ከፊቷ ከፊቷ ሄዱ። ሬሳው እስኪታጠብ ደጅ ቁጭ ብለው አለቀሱ። ሲመለሱ ውሃው ሄዷል፤ ያን ሳምንት ከጎረቤት እየለመኑ ጠጡ።

ተለወጡ ብለን ነበር። ውሃው ተመልሶ በመጣ ዕለት የፎዚያ ጄሪካን እንደገና ጅራት ላይ ነበር። ለሞተችው እናት የሰጡትን ለቆመችው ልጅ ነፈጓት። በጣም ተናደድኩባቸው። እኔንም ከክብረ መንግሥት ከተማ ስለመጣሁ ሃያ ዓመት ሙሉ «የክብረ መንግሥቱ ሰውዬ» እያሉ ነው የሚጠሩኝ፤ ጄሪካኔም ከመሐል አልፎ አያውቅም።

ግን እዚህ ዘመድ የለኝም፤ የሞትኩ ቀን ውሃ አዝሎ ቀድሞ የሚደርሰው ማን እንደሆነ አውቃለሁ። ደጄ ላይ ቁጭ ብለው «የሀገሬ ልጅ» እያሉ ያለቅሱልኛል። ዕድሜ ይስጣቸውና ይቅበሩኝ።