ገልብጣችሁ ለጥፉ

ቲቸር ስመኝ ትናንት ከምሳ በኋላ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሕልም አየች። ከሕልሙ በፊት ግን እንቅልፉ እንዴት እንደ መጣ ይነገር፤ ጉድ የሠራት እሱ ነውና።

ስመኝ ዱከም ውስጥ ባለ አንድ አፀደ ሕፃናት የሙከራ ጊዜዋን በመጨረስ ላይ ያለች አስተማሪ ናት። ቋሚ ትሁን ወይስ ትሰናበት የሚወሰነው ትናንት ስምንት ሰዓት ላይ ነበር። ክፍሏ ውስጥ ሊንግ የምትባል፣ አባቷ ፋብሪካ ውስጥ መሐንዲስ የሆነ ቻይናዊት ልጅ አለች፤ ከመስከረም ጀምሮ አንድ ቃል ከአፏ አልወጣም። እናቷ የቻይና አዲስ ዓመት ሲቃረብ፣ ስለ በዓሉ የሚተርኩ ወደ አማርኛ የተመለሱ የሥዕል መጻሕፍት ለትምህርት ቤቱ ሰጠች።

"ስምንት ሰዓት ላይ እናትየዋ እንግዶች ይዛ ትመጣለች። አንቺ ታነቢያለሽ፣ እነሱ ያዩሻል" አሉ ዳይሬክተሩ አቶ ጥጋቡ። "ከዚያ ወይ እንኳን ደስ አለሽ ነው፣ ወይ ደህና ሁኚ።"

የምታነበው መጽሐፍ አምስተኛ ገጽ "ፉ ማለት መልካም ዕድል ነው፤ ፊደሉን ገልብጣችሁ ለጥፉ" ይላል። ለምን እንደሚገለበጥ የሚናገረው ቀጣዩ ገጽ ነበር፤ እሱን ደግሞ አንዱ ልጅ በማንጎ ጭማቂ አጣብቆታል። ስመኝ የሰው ደብተር ስትገለብጥ ያደገች ናት። ፊደሉን አርባ ቀይ ወረቀት ላይ አንድ በአንድ ገለበጠችና፣ ቀጥ አድርጋ እየለጠፈች ግድግዳውን ሞላችው። ሦስት ቀን ፈጀባት።

ትናንት ልጆቹ ምሳቸውን በልተው ፍራሽ ላይ ሲጋደሙ፣ እሷም አጠገባቸው ቁጭ ብላ እንደ ልምምድ ታነብላቸው ጀመር።

"ይህ ዘንዶ ነው። በአዲስ ዓመት መንገድ ላይ ይጨፍራል።"

"ማንን በላ?" አለ ኪሩቤል።

"ማንንም አልበላም። ደግ ነው።"

"ፈረሱስ? ጦሩስ?"

"እዚህኛው ውስጥ ፈረስ የለም፣ የኔ ጌታ።"

"ታዲያ ማን ይገድለዋል?"

ስመኝ መልስ ስትፈልግ ራሷ ፍራሹ ላይ አረፈ።

በሕልሟ ፍራሽ ላይ የተጋደሙት አስተማሪዎቹ ነበሩ። ልጆቹ ከረባት አስረው በመካከላቸው ይመላለሳሉ። "ዐይን ጨፍኑ! አንተ የሒሳብ አስተማሪ፣ ጣትህን ከአፍህ አውጣ!"

በሩ ተንኳኳ። ዘንዶው ነበር። ራሱ ቢሮ ሲገባ ጅራቱ ገና ፌርማታ ላይ ታክሲ ይጠብቃል። ልጁን ሊያስመዘግብ ነው የመጣው።

"ግቢው ውስጥ ነጭ ፈረስ አለ?" አለ በሹክሹክታ።

"የለም" አለች ስመኝ።

"በሥዕልም?"

ስመኝ የምዝገባ ወረቀት መፈለግ ጀመረች። ዘበኛው ክፍል ግድግዳ ላይ አንድ እንዳለ ታውቃለች።

"ግድ የለም፣ እኔ ውጭ ሆኜ እጨፍራለሁ" አለ ዘንዶው፣ ቅር ብሎት። አሳዘናት።

ወዲያው ሦስት ልጆች ፊት ቆማ ራሷን አገኘችው። የቅጥር ኮሚቴ ናቸው። ሰብሳቢው ኪሩቤል ነበር፤ የወተት ጢም አብቅሏል።

"ዕድሜ?"

"ሃያ ስድስት።"

"በጣትሽ አሳዪ።"

አሥሩን ዘረጋች። ጫማዋን አውልቃ አሥር ጨመረች። ከዚያ በኋላ ግራ ገባት።

"ስድስት ጎድሏታል ብላችሁ ጻፉ" አለ ኪሩቤል። ከኮሚቴው መጻፍ የሚችል ስላልነበረ ፀሐይ ሳሉ።

"አሁን አንብቢ!"

መጽሐፉን ገለጠች። ሥዕሉ ላይ ፋኖስ ይዘው የቆሙት ሽማግሌ መነጽራቸውን አደረጉና አዩዋት። ከሌሎቹ ገጾች ልጆቻቸውን ጠሩ። "ኑ፣ ተሰብሰቡ። ይህቺ አስተማሪ ትባላለች። በዚህ ወቅት በጣም ትፈራለች።"

"ማንን ትበላለች?" አለች አንዷ የሥዕል ልጅ።

"ማንንም። ምሳዋንም አልበላችም። በሉ አለቀች፣ ግለጧት!"

ገለጧት። ተገልጣ ኮሪደሩ ላይ ወደቀች፤ እዚያ አቶ ጥጋቡ ቆመዋል።

"ገልብጪያቸው!" አለ ኪሩቤል ከኋላዋ።

ስመኝ እርሳስ አውጥታ አቶ ጥጋቡን ገለበጠች። ሁለት አቶ ጥጋቡ ሆኑ። ሁለቱም "ሌሰን ፕላንሽ የታለ?" አሉ።

"ገልብጪ እኮ ነው ያልኩሽ!"

እንደገና ገለበጠች። አራት ሆኑ፣ ስምንት ሆኑ፣ አርባ ሆነው ኮሪደሩን ሞሉት። አርባውም እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው በአንድ ድምፅ ሌሰን ፕላን ጠየቁ። ስመኝ እንባዋ መጣ። "ያላችሁኝን ነው ያደረግኩት! ሌላ ምን ላድርግ?"

ይኼኔ አንድ የመንገድ ሥራ ገልባጭ መኪና ግድግዳውን ጥሶ ገባ። ሾፌሩ ዘንዶው ነበር፤ ሥራ አግኝቷል።

"ገልብጥ የተባልኩት እዚህ ነው?"

"አይደለም! ሂድ!"

አልሰማትም። የጫነውን ብርቱካን ዘረገፈው። አርባው አቶ ጥጋቡ በብርቱካን እየተንሸራተቱ እግራቸው ወደ ላይ፣ ራሳቸው ወደ ታች ሆነ። ከብርቱካኑ ክምር ላይ ሊንግ ብቅ አለች።

"አሁን ገና ተገለበጡ" አለች።

"ምን አልሽ?"

"መገልበጥ ይህ ነው፣ ቲቸር። ራሱን ወደ ታች። በእኛ ቋንቋ 'ተገለበጠ' እና 'ደረሰ' ድምፃቸው አንድ ነው። ዕድሉን ስትገለብጪው ዕድሉ ደረሰ ማለት ነው።"

"ወይኔ ስመኝ! አርባውንም ቀጥ አድርጌ ነው የለጠፍኩት!" ብላ ጮኸች፤ በራሷም ጩኸት ነቃች።

ስምንት ሰዓት ከሩብ ነበር። በሩ ላይ የሊንግ እናት ከስድስት እንግዶች ጋር ቆማለች። አቶ ጥጋቡ፣ አንዱ ብቻ፣ ፊታቸው በርበሬ መስሏል። ስመኝ ለሃጯን ጠርጋ ወደ ግድግዳው ዞረች። ፊደሎቹ ሁሉ ራሳቸውን ወደ ታች ተለጥፈዋል። ሊንግ ወንበር ላይ ቆማ የመጨረሻውን እየገለበጠች ነው፤ ኪሩቤልና ሌሎቹ ወንበሩን ግራና ቀኝ ይዘውላታል።

ሊንግ ወረቀቱን በመዳፏ መታ መታ አደረገችና ዞረች። "ደረሰ!" አለች በአማርኛ፤ ልጆቹ ማታ ማታ ሰርቪስ ሲመጣ የሚጮኹት ቃል ነው። እናቷ አፏን በእጇ ያዘች። ስመኝ ደስ አላት፤ በጣም ደስ አላት፤ ሥራዋ እንዳበቃለት ግን ገብቷታል።

"ይቅርታ፣ አስተማሪዋ እንዲህ ስትተኛ የመጀመሪያ..." ብለው ጀመሩ አቶ ጥጋቡ።

"ለምን ይቅርታ?" አለች የሊንግ እናት በጥሩ አማርኛ። "እኛ አገር ከምሳ በኋላ አስተማሪም ይተኛል። ይህን የሚያውቅ ትምህርት ቤት ከዛሬ በፊት እዚህ አይቼ አላውቅም። ልጄም የተናገረችው አስተማሪዋ ስትተኛ ነው! ነገ ሌሎች ወላጆች ይዤ እመጣለሁ።"

አቶ ጥጋቡ ኮታቸውን አስተካከሉ። "አዎ" አሉ፤ "ታስቦበት የተደረገ ነው።"

ስመኝ ዛሬ ጠዋት የቋሚነት ደብዳቤዋን ተቀበለች። ከሥራ ዝርዝሩ ግርጌ "ከሰባት እስከ ስምንት ሰዓት በእንግዶች ፊት መተኛት" የሚል ተጨምሯል። ሰባት ሰዓት ሲሆን አሥራ ሁለት እንግዶች ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ልጆቹ ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳቸው። ስመኝም ተጋደመች፣ ዐይኗን ጨፈነች፣ ተገላበጠች፤ እንቅልፍ ግን ከየት ይምጣ?

"ለምንድነው ዐይኗ እንዲህ የሚርገበገበው?" አለ አንዱ እንግዳ።

"ቀስ ይበሉ" አሉ አቶ ጥጋቡ በሹክሹክታ፤ "ሕልም እያየች ነው።"