ለማመልከቻ የሚጠቁሩ ሰው

አንባቢዬ፣ በዓመት አንድ ቀን ብቻ የሚጠቁር ሰው ገጥሞዎት ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል። ስማቸውን አልናገርም፤ አቶ ታምራት እንበላቸው። እዚሁ አሜሪካ፣ ስኮትዴል በምትባል ከተማ ጎረቤቴ ናቸው።

ልጄ፣ ዳኒ የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ መምህር ስታገባ፣ «እኛ እኮ ሐበሻ ነን፤ ጥቁር አይደለንም» ብለው ከሰርጉ እህል ሳይቀምሱ ወጡ። ቂም አልያዝኩም፤ የከረባታቸውን ቀለምና የወጡበትን ሰዓት ብቻ ነው የማስታውሰው።

ኮሌጅ ለመግባት ዘር ይታይ አይታይ የሚል ክርክር ከቅዳሴ በኋላ ሲነሣም፣ «ነውር ነው፤ ልጅ በጭንቅላቱ ይግባ» ይሉ ነበር። በልጃቸው የኮሌጅ ማመልከቻ ፎርም ላይ የዘር ሳጥኖቹን ሁሉ ሰርዘው «ሐበሻ» ብለው ጻፉ። ኮሌጁ ይህ ምን ዓይነት ዘር እንደሆነ ስላላወቀ ፎርሙን መለሰው። የማመልከቻው የመጨረሻ ቀን ሰኞ ነበር።

ቅዳሜ በሬን አንኳኩ።

«ወይዘሮ አስካለ፣ ኮሌጁ ጥቁር ልጆችን ይፈልጋል አሉ። አማችዎ የድጋፍ ደብዳቤ ቢጽፍልን?»

«ለማን?»

«ለእኛ ነዋ፤ ለጥቁሮቹ።»

«ይጽፋል። መጀመሪያ ግን የሰርጉን ምሳ ይብሉ» አልኩና ዶሮ ወጥ አቀረብኩ።

ቤት የነበረው ዳኒ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልሎ ዘረጋላቸው። አቶ ታምራት ፎርሙን አዩ፣ እኔን አዩ፣ አፋቸውን ከፈቱ። እያላመጡም «ጥቁር» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አደረጉ።

ልጁ ኮሌጅ ገባ። አባትየው ደግሞ ያኔውኑ፣ በማግስቱ እሑድ፣ ተመልሰው ሐበሻ ሆነው ነበር። ዳኒን ሲያዩ ግን ዛሬም ከመቀመጫቸው ይነሡለታል፤ ገና ሁለት ልጆች ይቀሯቸዋላ።