የአገዳደል ዓይነቶች ሥልጠና በግራና

በሕግ በሚተዳደር አገር ሰው እንዲያው በዘፈቀደ አይገደልም፤ በአንቀጽ ይገደላል። ጦርነቱ ሐብሩ ወረዳን በተጠጋበት ክረምት ይህ ታላቅ እውነት ለግራና ገበሬ ሳይነገረው እንዳይቀር፣ አቶ ይታገሱ የተባሉ የሕግ ባለሙያ ከከተማ ድረስ መጡ። ሕዝቡም ከዋርካው ሥር ተሰበሰበ።

ኡበይደላ ከፊት ተቀመጠ። ታናሽ ወንድሙን ዓሪፍን ማሽላ ሲኮተኩት መድፍ ከገደለው ገና ሳምንቱ ነበርና፣ ስለ አገዳደል ለመማር ከእሱ የተሻለ የተዘጋጀ አልነበረም።

«ግድያ እንደ እህል ነው፤ በየዓይነቱ ይበጠራል» አሉ ባለሙያው። «አስቦና ተዘጋጅቶ የገደለ፣ ከባድ ግድያ ነው። ሲተነኩሱት ድንገት ተቆጥቶ የገደለ፣ ቀላል ነው። ሳይጠነቀቅ የገደለ፣ በቸልተኝነት ይባላል። ከነዚህ ያልገባው ተራ ግድያ ነው።»

«ተራው ለደረሰ ሰው ነው?» ብለው አንድ ሽማግሌ ጠየቁ። ባለሙያው በትዕግሥት አቃኗቸው።

ኡበይደላ ተነሣ። «ጌታው፣ የወንድሜስ ከየትኛው ይገባል? መድፉን ያመጡት አስበው፣ ስንቅ ቋጥረው ነው።»

«ዓሪፍን ለመግደል ግን አላሰቡም።»

«እንግዲያ በቸልተኝነት ነዋ።»

«አይደለም፤ አልመው ነው የተኮሱት።»

«ተቆጥተው ይሆን? ሁሉም ‹እሱ ነው የጀመረኝ› ይላል።»

አቶ ይታገሱ መነጽራቸውን አወለቁ። «ስማ፣ ያንተ ወንድም አልተገደለም። በወቅታዊ ሁኔታ ሕይወቱ አለፈ።»

ኡበይደላ አፈረ። ሳምንት ሙሉ «ገደሉት» እያለ ለቀስተኛውን በሐሰት ሲያስለቅስ ከርሟል።

በዚህ መሐል ወቅታዊው ሁኔታ ራሱ ከጋራው ማዶ አጉረመረመ። ሕግ ከሁሉ ይቀድማልና፣ ከዋርካው አጠገብ ወደ ተቆፈረው ምሽግ ቀድመው የገቡት አቶ ይታገሱ ናቸው። ኡበይደላ ሽማግሌውን ደግፎ አወረደና በመጨረሻ ዓይኑን ጨፍኖ ዘለለ። ያረፈው ባለሙያው ጎን ላይ ነበር። መድፉ የዋርካውን ቅርንጫፍ ገንጥሎ አለፈ፤ ሰው አልነካም። የአቶ ይታገሱ የጎን አጥንት ግን ተሰበረ።

ምስጋና ለሕግ ይሁንና፣ ለዓሪፍ የጠፋው አንቀጽ በዚያው ከሰዓት ተገኘ።

«የግድያ ሙከራ ነው» አሉ ባለሙያው ጎናቸውን ይዘው።

«ዓይኔን ጨፍኜ ነው እኮ የዘለልሁ፣ ጌታው።»

«መጨፈንህ ዝግጅት ነው። ነገሩን ከባድ ያደርገዋል።»

በማግስቱ እህቱ ቶይባ ምሳ ቋጥራ መርሳ ከተማ፣ ኡበይደላ ከታሰረበት ቤት መጣች።

«በምን ያዙህ?»

«ሰው ላይ በመውደቅ።»

ቶይባ ምሳውን ፈትታ አቀረበችለት። «ዓሪፍ ላይ የወደቀውንስ ማን ያዘው?»

ኡበይደላ እጁን ታጠበ። አሁን እሱም ሕግ የተማረ ሰው ነውና ረጋ ብሎ አስረዳት።

«እሱ እኮ ከላይ ነው የመጣው። ከላይ ለሚመጣ አንቀጽ የለም።»