ጸሐፊዋን በስልክ ለመተካት የተጠራ ስብሰባ

ቀን፦ ቅዳሜ፣ የካቲት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሰዓት፦ ከቀኑ 8፡00 ተብሎ 8፡50
ቦታ፦ ሐይቅ፣ የሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት ንባብ ክፍል (አንባቢዎች በረንዳ ላይ እንዲያነቡ ተደርጓል)

የተገኙ፦
አቶ ቢያድግልኝ፣ ሰብሳቢ፣ ጡረተኛ መምህር
ወ/ሮ ጸዳለ፣ የመጻሕፍት ኃላፊ
ማህዲ፣ ከጅዳ ተመላሽ፣ ስልክ ጠጋኝ፣ የቴክኖሎጂ አማካሪ
ኑርሀያት፣ ጸሐፊ (እስከ አጀንዳ 3 ድረስ)

ያልተገኙ፦ አቶ ወልዴ፣ ውጫሌ ለቅሶ ሄደው። በስልክ “አለ በሉኝ” ስላሉ አሉ ተብሎ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። ስለ መቅረታቸውም አባላት ሐሳብ ተለዋውጠዋል።

አጀንዳ 1፦ መጻሕፍትን በስልክ ስለመመዝገብ

ማህዲ፣ ከመጽሐፍ ጀርባ ላይ ያለውን ባለመስመር ምልክት በካሜራ አንብቦ የሚመዘግብ አፕ ጭኖ መምጣቱን አስረዳ። ወ/ሮ ጸዳለ ከመጽሐፎቻችን አብዛኞቹ ምልክቱ ቀርቶ ጀርባውም እንደሌላቸው አሳሰቡ። ሙከራው ቀጠለ። አፑ አውቆ የመዘገበው ከማህዲ ጃኬት ኪስ የተገኘ አንድ እሽግ ብስኩት ብቻ ሆነ። ከሰፊ ውይይት በኋላ ብስኩቱ የቤተ መጻሕፍቱ ንብረት እንዲሆን፣ በውሰትም እንዳይወጣ ተወሰነ። ንብረቱ በዚያው ሰዓት በሰብሳቢው በኩል ተወግዷል።

አጀንዳ 2፦ ጫጫታ የሚለካ አፕ ስለመሞከር

ይህኛው ጸጥታ ሲኖር አረንጓዴ፣ ጫጫታ ሲበዛ ቀይ ያበራል፣ ይጮሃልም። ሰብሳቢው “ጸጥታ! አሁን እንሞክር!” ሲሉ ቀይ ሆነ። “ተበላሽቷል እንዴ?” ሲሉ ጮኸ። በረንዳ ላይ የነበሩት አንባቢዎች ሳቁ። ወ/ሮ ጸዳለ ስልኩ ምንም እንዳልሆነ፣ ጥፋቱ ሌላ ቦታ እንደሆነ ጠቆሙ። ሰብሳቢው የትኛው ቦታ እንደሆነ ጠየቁ፤ ስልኩ እንደገና ጮኸ። ከረጅም ውይይት በኋላ ስልኩ ከሰብሳቢው ራቅ ብሎ መስኮት ላይ እንዲቀመጥ ተወሰነ።

አጀንዳ 3፦ ጸሐፊዋን ስለመተካት

ማህዲ ሰው የሚናገረውን ሰምቶ ራሱ የሚጽፍ፣ ማን እንደተናገረም የሚለይ ሦስተኛ አፕ አቀረበ። ሰብሳቢው ስልክ አያኮርፍም፣ አያረፍድም፣ መልስም አይመልስም ሲሉ ደገፉ። ኑርሀያትም ከዛሬ ጀምሮ የመደርደሪያ አቧራ እንድታራግፍ ሐሳብ አቀረቡ።

ጸሐፊዋ ስድስት ዓመት ሙሉ የኮሚቴውን ስድብ “ሐሳብ ተለዋውጠዋል”፣ ኩርፊያውን “በጥሞና ተደማምጠዋል” እያለች የሰው ገመና ስትሸፍን መኖሯን፣ ውለታዋ አቧራ ከሆነም እንደከፋት ተናገረች። መከፋቷ በቃለ ጉባኤ እንዲያዝላት ጠየቀች። ሌላ የሚይዝ ስለሌለ ራሷ ይዛዋለች። ሐሳቡ ሦስት ለአንድ ጸደቀ።

በዚህ ጊዜ ማህዲ አፑን ገና ስብሰባው ሲጀመር ከፍቶት እንደነበረ አበሰረ። “ወላሂ አንዲት ቃል አላመለጠውም!” ብሎም ስልኩን ከመስኮቱ አንስቶ ጮክ ብሎ አነበበ፦

“ቢያድግልኝ፦ ወልዴ እኮ ለቅሶ የሚሄደው ሬሳ ሊሸኝ ሳይሆን ንፍሮ ሊዘግን ነው።
ጸዳለ፦ ቀስ ይበሉ፣ ብስኩቱ ትን እንዳይልዎ። የሚቀማዎት የለም።
ማህዲ፦ ያ ረቢ፣ የጅዳው አሠሪዬ ከነዚህ ይሻል ነበር።”

ማህዲ የመጨረሻዋን ካነበበ በኋላ ነው የደነገጠው። ሰብሳቢው በሕይወታቸው እንዲህ ብለው እንደማያውቁ ተናገሩ። ስልኩ ድምፃቸውን አሰማቸው። ባስቸኳይ እንዲጠፋ ሲያዙም ማህዲ “አብሽሩ ጋሼ፣ አይጠፋም። ራሱ ነው ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ የሚለጥፈው” ሲል አጽናና።

ግሩፑ ተከፈተ። አቶ ወልዴ “አንብቤዋለሁ። ሚኒባስ ላይ ነኝ፤ ንፍሮውን ይዤላችሁ እየመጣሁ ነው” ብለው ጽፈዋል። ወ/ሮ ጸዳለ የአፍ ወለምታ በቅቤ እንደማይታሽ አስገነዘቡ።

ሰብሳቢው ለመጀመሪያ ጊዜ ስልኩ አረንጓዴ ሆኖ እስኪቀር ድረስ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው “ኑርሀያት ልጄ፣ ይቺን ነገር አንቺ ብትሆኚ እንዴት ትጽፊያት ነበር?” ሲሉ ጠየቁ።

ጸሐፊዋም “‘አቶ ወልዴ በማኅበራዊ ሕይወት የሚያደርጉት ንቁ ተሳትፎ ተወድሷል’ ብዬ ነዋ” ስትል መለሰች። ሰብሳቢው አንቺን ያሳደገ ይባረክ አሉ።

ውሳኔ

በአጀንዳ 1፣ 2 እና 3 የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር፤ አፖቹ እንዲጠፉ፤ ብስኩቱ መመለስ ስለማይቻል እንዳልነበረ እንዲታሰብ፤ ስልኩ የጻፈው የስልክ ስህተት እንዲባል፤ ኑርሀያትም በጸሐፊነቷ እንድትቀጥልና የዛሬውን እንደምታውቅበት አሳምራ እንድትጽፍ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። አቶ ወልዴም አሉ ስለተባሉ ድምፃቸው ተቆጥሯል።

ስብሰባው 10፡20 ላይ ደጃፉ ላይ ባጃጅ ሲቆም አብቅቷል። አባላቱ ይህን ቃለ ጉባኤ እንደ ወትሮው ሳያነቡ ፈርመው በጓሮ በር ወጥተዋል።

አቶ ወልዴ ንፍሮውን በፌስታል አንጠልጥለው ገቡ። ሰው ሲያጡ ተቀምጠው ጸሐፊዋን አካፈሏት፤ ጥሩ ንፍሮ ነበር። ከዚያም ሰብሳቢው ነገሩን በስልኩ እንደሚያሳብቡ እንደሚያውቁ ተናግረው፣ የቃለ ጉባኤው ቅጂ እንዲሰጣቸው ጠየቁ። ለአባል ቅጂ መስጠት የጸሐፊ ግዴታ ስለሆነ፣ ሦስቱ የፈረሙበት ይኸው ተሰጥቷቸዋል።

ኑርሀያት፣ ጸሐፊ