መርፌ የማይስተው የጋሽ ዓሊዩ ዓይን

ከሐኪም በላይ የሚያውቅ የስኳር ሕመምተኛ የሌለበት ከተማ የለም። ለጭሮ ከተማ ክቡር ጋሽ ዓሊዩ ደርሰዋታል። አስፋልቱ ዳር፣ ጨርቅ መሸጫው በረንዳ ላይ ሱሪ ይሰፋሉ፤ በትርፍ ጊዜያቸው የሰፈሩን ሰው ስኳር ይቆጣጠራሉ። ሻይ ሲያዝዙ "ስኳር እንዳይነካው!" ብለው ያስጠነቅቁና ከኪሳቸው ተምር ያወጣሉ። "ተምር እኮ ሱና ነው" ይላሉ እያኘኩ። የደንበኛ ወገብ ሲለኩ "ወፍረሃል፣ ተጠንቀቅ" ማለታቸው አይቀርም። ያ ሜትር በራሳቸው ወገብ ዞሮ አያውቅም።

ኪኒናውን ደህና የሆኑ ሲመስላቸው ይተዉታል። ባለቤታቸው ዙለይኻ "ዓይንህን እንኳ ተመርመር፣ በአላህ!" ስትላቸው መርፌ ያነሳሉ፣ ክሩን በአንድ ጊዜ ያስገባሉ።

"ይኸው! የታመመ ዓይን ይኼን ያደርጋል? ሰውነቴን እኔ አውቀዋለሁ።"

ምን ትበል? ክሩ ገብቷል።

ባለባጃጁ ገመዳ ግን ተቀይሟቸው ከርሟል። ሽማግሌ ሆነው ሚስቱን ሎሚን የጠየቁለት፣ የሠርግ ሱሪውንም የሰፉለት እኚሁ ሰው ናቸው። አሁን በጎናቸው ሲያልፍ እጁን አንስቶ ሰላም ቢላቸው ዞር ብለውም አያዩት። እሱን ብቻ አይደለም። ባለሱቁ ናስርም ከደጁ ጎንበስ ብሎ ሰላም ብሏቸው ዝም ብለው አልፈውታል። እዚህ አገር ሰላምታ ያልመለሰ ሰው ምን እንደሚባል የታወቀ ነው። "ጋሽ ዓሊዩ ኮሩ" ተባለ፣ ወሬው ከተማውን አዳረሰ። ገመዳም እጁን ማንሳት ተወ።

አንድ የገበያ ቀን ጋሽ ዓሊዩ ጨርቅ ታቅፈው ከበረንዳው ወረዱና በቀጥታ የገመዳ ባጃጅ ፊት ገቡ። ፍሬኑን ረግጦ ከእግራቸው ሥር አቆመው።

"ጥሩንባ የለህም አንተ? ከየት መጣህ?"

ገመዳ የከረመ ቂሙን ሊያወርደው አፉን ከፈተ። ፊታቸውን ሲያይ ግን ተወው። ሰውዬው እውነት ደንግጠዋል።

"ከግራዎ ነው የመጣሁት፣ ጋሼ። አላዩኝም?"

"በግራዬ ማንም አልነበረም።"

ወርዶ በግራቸው ቆመና እጁን አነሳ። "አሁንስ?"

"አሁንስ ምኑ?" አሉ፣ ፊት ለፊት እያዩ።

ገመዳ ክርክር ሳይሰማ ባጃጁ ላይ ጫናቸውና ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰዳቸው። መንገዱን ሙሉ ስለ ፍሬን አያያዝ ትምህርት ሰጡት።

ዶክተር እሴት መርምራ ስትጨርስ ቀስ ብላ አስረዳቻቸው። "ግላኮማ ነው፣ አባባ። ክር የሚያስገባው የዓይንዎ መሐል ገና ደህና ነው። ይኼ በሽታ ብዙ ጊዜ ከዳር ከዳሩ ነው የሚጀምረው፤ አያምም፣ አያስታውቅም። ስኳርና ደም ብዛት ያለበትን ሰው ደግሞ ይበልጥ ያሰጋዋል። የጠፋው አይመለስም። የቀረውን ለማቆየት ግን ጠብታውን ሳያቋርጡ፣ ስኳሩንም በደንብ ይዘው ክትትል ያደርጋሉ።"

ገመዳ ምነው ጋሽ ዓሊዩ ስለ ተምር እንኳ በተከራከሩ ብሎ ተመኘ። እሳቸው አንገታቸውን ቀስ እያሉ አዞሩ፣ ፊቱን እስኪያገኙት ድረስ።

"ልጄ፣ ስንቱን ሰው ሰላም ሳልል አለፍኩት? ስንቱ ተቀይሞኛል?"

"ማንም አልተቀየመዎትም፣ ጋሼ" አለ ገመዳ፣ እጃቸውን ጥብቅ አድርጎ ይዞ። ከሁሉ ይልቅ የተቀየማቸው እሱ ነበር።